የግድግዳችን ቡጢኞች

ባለቤቴ ጥሩነህ ካረፈ ሰባተኛ ወሩ ነው። ተዝካሩን አውጥቼ፣ ከሩቅ የመጣውን ዘመድ ሸኝቼ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ነው ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩት። በቀን ከግማሽ ገጽ በላይ አይሄድልኝም። የምነግራችሁ የአንዲት ቅዳሜን ነገር ነው። ከረፋድ ጀምሮ ለማምሻ ያለቀ ነገር ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ዓመት ይዤው ኖሬአለሁ።

እንድጽፍ ያስገደደኝ ለቅሶው ነው። ሊያስተዛዝነኝ የመጣ ሁሉ አንድ ወሬ ደጋግሞ ነገረኝ። “አንቺ እኮ በጣሊያን ጊዜ ባልሽን ከእስር ያተረፍሽ ሴት ነሽ፤ እሱም ሲያወራልሽ ነው የኖረ” ይሉኛል። ነጠላዬን ፊቴ ላይ እስባለሁ። ኀዘን ይመስላቸዋል። ኀዘንም አለበት፤ የበዛው ግን ኀፍረት ነበር።

በዚያን ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው እኔን ፊደል አስቆጠሩኝ፣ ዳዊት አስደገሙኝ። ደብረ ታቦር ላይ የምታነብ ሴት ስትፈልጉ ብትውሉ ሁለት ሦስት ብታገኙ ነው። ደብዳቤ የመጣለት ሰው “የመምሬን ልጅ ጥሯት” ሲል ደረቴ ይነፋ ነበር።

ጥሩነህ ልብስ ሰፊ ነበር። ፊደል አልቆጠረም። ነገር ግን ሰው ከበር ሲገባ አይቶ ስንት ክንድ ጨርቅ እንደሚበቃው ሳይለካ ይናገራል። ሌላ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሰው ጨርቁን ሲሰጥ በክንዱ ለክቶ፣ ቆጥሮ፣ አጠገቡ ያለውን ሰው አስመስክሮ ነው፤ ከጨርቅ ቁራጭ ይቀራል፣ ቁራጩን ደግሞ ልብስ ሰፊ እንደሚያስቀረው ሁሉም ያውቃል። ለጥሩነህ ግን ከገሳይም ከጉና ተዳፋትም የመጣ ሰው “ያው አስቀምጬልሃለሁ” ብሎ ሳይለካ ጥሎለት ወደ ገበያው ይሄዳል። ሀብታችን ይኸው ነበር። በፊቱ ጨርቅ የማይለካበት ልብስ ሰፊ መሆኑ።

ጣሊያን ሲገባ ታናሽ ወንድሙ ዘምቶ አልተመለሰም። ሬሳውም ወሬውም አልመጣም። ከዚያ ወዲያ ጥሩነህ ይሠራል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ ሳቅ ግን ከፊቱ ጠፋ። እኔ ኑሮ ሲከብደን የጣሊያኖቹ ካምፕ ገብቼ የመኮንኖቹን ልብስ በካውያ መተኮስ ጀመርኩ። ቤት ይዤው የምመጣበትም ቀን ነበር።

ካምፑ ውስጥ ሳሙናው የሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ለእሳት መቀጣጠያ ይጣላል። እኔ እየለቀምኩ አመጣለሁ። የሱቃችን የጭቃ ግድግዳ እየተፈረፈረ የሰው ልብስ ያቆሽሽ ስለነበር በዱቄት ሙጫ እለጥፍበታለሁ። የጣሊያኖቹንም ፊደል ከሳሙና ሳጥን ላይና ከቆርቆሮ ላይ ለቅሜ ነው ያወቅሁት። ድምፁን አወጣለሁ። ትርጉሙን ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ውሃ፣ “ቶሎ በይ” ከሚሉት አያልፍም ነበር።

ይህን ማንም አያውቅም። ጥሩነህም አያውቅም። “ምን ይላል?” ብለው ሲጠይቁኝ ጮክ ብዬ አንድ መስመር አነባለሁ፣ ቀጥዬም ፎቶግራፉን አይቼ የመሰለኝን በአማርኛ እናገራለሁ። ሰው ይደነቃል። እኔም ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን የቡጢኞች ፎቶግራፍ ያለባቸው ገጾች አመጣሁ። ቦክስ የሚባለውን ነገር በሱቃችን ያየ ሰው አልነበረም። ወገባቸው ድረስ ራቁታቸውን የሆኑ፣ እጃቸው ላይ ትራስ የመሰለ ነገር ያሰሩ ትልልቅ ወንዶች ናቸው። ለየብቻ ቆርጬ ለጠፍኳቸው። ስማቸው ለአፍ ስለማይመች የሱቃችን ደንበኞች ስም አወጡላቸው። ቁመቱ ከገጹ የሚያልፈው ግዙፍ ጣሊያን “ዋርካው” ተባለ። ቅንድቡ ወፍራም የሆነው ነጭ “ባለ ቅንድቡ” ተባለ። በባዶ እጁ የቆመ፣ ሪዙ የተጠማዘዘ የጥንት ሰው “አያ ሪዙ” ሆነ። አንድ ደግሞ ፊቱ ላይ ቁጣም ደስታም የማይነበብበት ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት ነበር፤ እሱን “ዝምተኛው” አሉት።

ከዚያ ክርክር ተጀመረ። ማን ይበልጣል? እንደ ግብር አዳራሽ አቀማመጥ ከበር እስከ ውስጥ በማዕረግ ይደርድሯቸው ጀመር፤ ከጥሩነህ የስፌት መኪና በላይ፣ በውስጠኛው ጥግ ያለው አንደኛ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ አንዱ ይላጥና ቦታው ይቀየራል። ጨውና አቡጀዲ የሚሸጡት ጎረቤታችን ሐጂ ሰይድ ለአያ ሪዙ ይከራከራሉ። “ሳይሸነፍ የተወ እሱ ብቻ ነው፤ የዛሬዎቹ ገና መጨረሻቸው አልታየም” ይላሉ። ሌላው ይነሣና “እርስዎ፣ በዚያ ዘመን ከማን ጋር ተጋጥሞ ነው? ከእረኛ ጋር ይሆናል” ይላቸዋል። ሐጂም “አንተ በዚያ ዘመን ብትኖር ከእረኞቹ አንዱ ነበርህ” ይሉታል። ሥራ ይቆማል።

አያ ሪዙ ሳይሸነፍ መተዉን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ከራሴ ነው ያወጣሁት። ያን ሁሉ ማዕረግ፣ ያን ሁሉ ክርክር የፈጠርኩት እኔ ነበርኩ።

ዋርካውና ዝምተኛው ፊት ለፊት የቆሙበት ገጽም ነበር። አንድ ቀን ጥሩነህ መቀሱን እንደያዘ ብዙ ጊዜ ካየው በኋላ “የሺዬ፣ ይህ ምን ይላል?” አለኝ። ፊቱን አየሁት። ምን መስማት እንደሚፈልግ ለማወቅ ጣሊያንኛ አያስፈልግም ነበር።

“ጥቁሩ ጣለው ይላል” አልኩት።

“ዋርካውን?”

“አዎ።”

“እንዴት አድርጎ?”

“መጀመሪያ በጉልበቱ አንበረከከው። ተነሣ። ደግሞ ወደቀ።”

መቀሱን አስቀመጠና ሳቀ። ወንድሙ ከዘመተ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። ዓይኑ እንባ እስኪሞላ ሳቀ። ከዚያ ተነሥቶ ዝምተኛውን በእጁ ልጦ፣ ከመኪናው በላይ ወዳለው ጥግ ወስዶ ለጠፈው። “ይህ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ” አለኝ። በዚያ ሰሞን በጨዋታው ጣሊያንን ነክቷል ተብሎ አንድ አዝማሪ ታስሮ ስለነበር መጠንቀቁ ትክክል ነበር።

ቅዳሜዋ እንዲህ ሆነች።

ገበያው ገና እየሞላ ነው። ሱቁ ውስጥ ጥሩነህ፣ ሐጂ ሰይድና ጨርቅ ያመጡ ሰዎች አሉ። እኔ ሱቁን ከጓዳው ከሚለየው መጋረጃ ኋላ የአንድ መኮንን ነጭ ሸሚዝ እተኩሳለሁ። የካምፑ አስተርጓሚ አቶ ኪዳነ ጥሩነህ ያሳጠረለትን ሱሪ ሊወስድ ገባ። ከአስመራ ከጣሊያኖቹ ጋር የመጣ፣ ጫማውን በቀን ሁለት ጊዜ የሚያስጠርግ፣ ሲስቅ ጥርሱ የሚያምር ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። መቀለድ ይወድ ነበር እንጂ።

ግድግዳውን አየና ደርድራችኋል እንዴ አለ። ሐጂ ሥርዓቱን አስረዱት፤ ከውስጥ ያለው ይበልጣል አሉት። ኪዳነ ፎቶግራፎቹን እያየ ከጥጉ እስከ በሩ ሄደ። ዋርካው ከበሩ መቃን ጋር፣ መጥረጊያው የሚቆምበት ቦታ ነበር የተለጠፈው።

“የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ሰው ከመጥረጊያ ጋር አቆማችሁት?” አለና ሳቀ።

ክርክሩ በሳቅ ነው የተጀመረው። ኪዳነ ግዙፉን አስመራ ላይ በሲኒማ እንዳየው፣ ጫማው ውስጥ ሕፃን እንደሚያስተኛ ነገራቸው። ሐጂም “በጫማ ከሆነ ያንተም ጫማ ያምራል፣ አንተን አንደኛ እናድርግህ?” አሉት። ጥሩነህ ከመኪናው ቀና ሳይል፣ መብለጥ በቁመትም በዝናም አይደለም፣ ማን ማንን ጣለ ነው አለ። ኪዳነ ወደ እሱ ዞረ።

“እሱን ማን ጣለው? አንተ ስለ ክርና መርፌ አውራ ጥሩነህ።”

“ስለ ክርም አወራለሁ።”

“ወንድምህም እንደዚሁ ነበር አሉ። ሲፎክር ማንም አይቀድመውም።”

የስፌት መኪናው ቆመ። ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሰማሁት፤ ጥሩነህ እግሩን ከመርገጫው አነሣ። ድምፁ ከፍ አላለም።

“ጥቁሩ ጥሎታል። ጋዜጣችሁ ራሱ ጽፎታል።”

ማንም አልሳቀም። ኪዳነ በሩን አየና መልሶ ጥሩነህን አየ። “ዋሽተሃል” አለው። ይህን ያለው ጨርቃቸውን ሳይለኩ ሊሰጡት በመጡ ሰዎች ፊት ነው። ጥሩነህ ተነሣ፣ የነጠላውን ጫፍ ያዘና ከኪዳነ ኩታ ጫፍ ጋር አሰረው።

ይህ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። ሁለት ሰው ሲካሰስ ነጠላውን ቋጥሮ መንገድ ላይ ይወጣል፤ ያገኙት ሽማግሌ ቁጭ ብሎ መፍረድ አለበት፣ እንቢ አይልም። ጣሊያን ገብቶም በገበያ መሐል ይደረግ ነበር፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ እውነት ሆኖ። ኪዳነም ቀልድ መስሎት እየሳቀ ተጎትቶ ወጣ።

ያገኟቸው ሽማግሌ ከጉና የወረዱ፣ ባርኖስ የደረቡ ሰው ናቸው። አያ ተሰማ ይባላሉ። በቅሏቸው ድንች ተጭናለች። አንቱ ዳኛችን ሁኑ ሲሏቸው ተነፈሱ፣ በቅሏን ለሰው አስያዙ፣ የሱቃችን ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ሰው ከበበ።

መጀመሪያ ነገሩ አልገባቸውም። “ሁለቱ ሰዎች የሚደባደቡት በደም ነው በመሬት?” ብለው ጠየቁ። በምንም እንዳልተጣሉ ነገሯቸው።

“ጠብ ሳይኖራቸው?”

“ጠብ የለም አባቴ” አለ ኪዳነ። “ሰው ሊያያቸው ነው።”

“ታዲያ የሚከሰሰው ያያቸው ሰው ነው” አሉ። ሕዝቡ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ስለ ግድግዳው ሰልፍ በደንብ ጠየቁ፤ አያ ሪዙና ዝምተኛው በአንድ ዘመን እንዳልነበሩ ሲሰሙ፣ አብረው ላልቆሙ ሰዎች እንዴት ማዕረግ እንደምትሰጡ ለእኔ አይገባኝም አሉ። “ይህን መፍረድ አልችልም። አንዱን ብቻ እፈርዳለሁ። ይህ ሰው ‘ጋዜጣው እንዲህ ይላል’ ብሏል። ይላል ወይስ አይልም? በምን ትወራረዳላችሁ?”

ኪዳነ ከተረታሁ ጫማዬን አውልቄ ካምፕ ድረስ በባዶ እግሬ እሄዳለሁ አለ። ሕዝቡ ወደደለት። ጥሩነህም “ዋሽቼ ከተገኘሁ ድንጋይ ተሸክሜ ገበያውን ልዙር” አለ። ያን ጊዜ ሳቁ ቀነሰ። ድንጋይ መሸከም የበደለኛ ነው። ለሌላ ሰው የአንድ ቀን ኀፍረት ይሆናል፤ ጨርቅ ሳይለካ ለሚሰጠው ሰው ግን ስሙ ነው።

“ማን አነበበልህ?” አሉት አያ ተሰማ።

ጥሩነህ የነጠላውን ቋጠሮ ጠበቅ አደረገ። ሊያነብለት የሚችል በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ከተማው ሁሉ ያውቃል። “ያነበበልኝ ሰው አለ” አለ፤ “ስሙን አልጠራም።”

“ካልጠራህ ትረታለህ።”

“እረታለሁ እንጂ አልጠራም።”

ይህን ሲል መጋረጃውን ገልጬ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ኪዳነ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ ነገሩ ቀላል ነው አለ፤ ገጹ እዚሁ ግድግዳ ላይ አለ፣ ወይዘሮ የሺ በሕዝቡ ፊት ታንብበው፣ ቃል በቃልም ትተርጉመው፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ አዳምጣለሁ። ጥሩነህ “ባለቤቴ በዚህ ነገር የለችበትም” አለ። አያ ተሰማ እጃቸውን አነሡ።

“ዳኛ ካላችሁኝ እኔ እጠይቃለሁ። ልጄ፣ ቅረቢ። ይህን ለባልሽ ያነበብሽለት አንቺ ነሽ?”

እዚህ ላይ ብዕሬን ሦስት ቀን አስቀምጬ ነበር።

ለቅሶ ላይ የነገሩኝ ወሬ እዚህ ጋ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። ብልህ ሚስት፣ “አንብቤለታለሁ” ብትል ባሏ ከነእሷ እንደሚታሰር ገብቷት ካደች ይላል። እውነት ቢሆን ደስ ባለኝ። በዚያች ሰዓት ግን እስር ቤት ትዝ አላለኝም። ወታደርም ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ያ ገጽ ነው፤ ከድምፁ በቀር አንድ ቃል የማላውቅበት ገጽ። ኪዳነ አጠገቤ ቆሞ ሲያዳምጥ፣ እኔ ስንተባተብ፣ እሱ ሲስቅ፣ “ለካ አታውቅም! ይህን ሁሉ ጊዜ ከልቧ እየፈጠረች ነው!” ሲባል፣ ሐጂ ሰይድ ሲያዩኝ፣ ነገሩ ወደ አባቴ ጉባኤ ሲደርስ። የፈራሁት ይህንን ብቻ ነው።

“እኔ አይደለሁም” አልኩ። “ጋዜጣው እንደዚያ አይልም።” እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ምናልባት ራሴን ይቅር እል ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ ጨመርኩበት። “ከራሱ ያወጣው ነው።”

የራሴን ሥራ የእሱ ነው ብዬ አሸከምኩት።

ኪዳነ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ገጹን አየ። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ጥሩነህ አንድ ጊዜ ብቻ አየኝ። ፊቱ ላይ የጠበቅሁት ቁጣ ነበር፤ ያየሁት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ያን ጊዜ ያልገባኝ፣ ቆይቶ የገባኝ። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

“ዳኛ በሰማው ይፈርዳል፣ በጠረጠረው አይፈርድም” አሉ አያ ተሰማ። “ተረትተሃል ልጄ።” የነጠላውን ቋጠሮ ፈቱት። ለኪዳነ አንድ ቃል ሳይናገሩ ተነሡ። በአጠገቤ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ስለ ቡጢ አላውቅም” አሉኝ። “ግን ስትናገሪ ባልሽን አላየሽውም።”

ጥሩነህ የሱቃችንን በር የምናስደግፍበትን ድንጋይ አነሣ። ከዚያ የቀለለ ድንጋይ በአጥሩ ሥር ሞልቶ ነበር። እሱ ያንን መረጠ። ጫንቃው ላይ አድርጎ በጨው ተራ፣ በእህል ተራ፣ በበቅሎ ተራ እያለፈ “ዋሽቻለሁ፣ ማሩኝ” ሲል ሰማሁ። ሰው እንደ ሥርዓቱ “ምረንሃል” ይለዋል። ገበያው ሰፊ ነው። ድምፁ ይርቅና ይመለሳል። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ ነበር፤ የቃጠሎ ሽታ እስኪመጣ ድረስ ካውያውን ሸሚዙ ላይ እንደተውኩት አላወቅሁም። የመኮንኑ ኮሌታ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል።

ወደ ማምሻው ተመለሰ። ጫንቃው ተልጧል። ድንጋዩን በቦታው አስቀመጠ፤ ከዚያ በዱቄት ሙጫ ዋርካውን ወስዶ ከመኪናው በላይ ወዳለው ጥግ ለጠፈው፣ ዝምተኛውን ከበሩ አጠገብ። የተቃጠለውን ሸሚዝ አየ። ተቀመጠ፣ ኮሌታውን ስፌቱን ፈትቶ አወጣው፣ ገለበጠው፣ የተቃጠለው ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርጎ መልሶ ሰፋው። ከውጭ አዲስ መሰለ። እየሰፋ ነው የተናገረው።

“የሺዬ፣ አተረፍሽኝ።”

ቀና ብዬ አየሁት።

“ኪዳነ ወጥመድ ነው የዘረጋልን። ባነበብሽው ኖሮ ይኸኔ ሁለታችንም በገመድ ታስረን ካምፕ ነበርን። እኔ ተናድጄ አፌን ከፈትኩ፤ አንቺ አሰብሽ። ‘ከራሱ ያወጣው ነው’ ስትዪ ገባኝ። አንቺ ነገሩ ውስጥ እንዳትኖሪ፣ እኔም ቀልማዳ ልብስ ሰፊ ብቻ እንድባል ነው። ለቀልማዳ ማን እስር ቤት ያባክናል?” ክሩን በጥርሱ በጠሰ። “የድንጋዩ ነገር ያልፋል።”

ያኔ ፊቱ ላይ ያየሁት ምን እንደነበር ገባኝ። ምስጋና ነበር።

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ሸሚዙን አጣጥፎ ሰጠኝ። ተቀበልኩት። ምስጋናውንም እንዲሁ ተቀበልኩ።

ድንጋዩ ቶሎ አላለፈም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንዲት የገሳይ ሴት ጨርቅ ይዛ መጣች፤ ለዓመታት ደንበኛችን ነበረች። ከፊቱ ቆማ በክንዷ መለካት ጀመረች። “ይቅርታ ጥሩነህ፣ እንዲያው ለልቤ ነው” አለችው። እሱም የጨርቁን ጫፍ ያዘላት፣ እንዲመቻት። ሰባት ክንድ። ከእሷ በኋላ ሌላው ለካ። ከዚያ ሁሉም ለካ። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ በሱቃችን ጨርቅ ሳይለካ የገባበት ቀን የለም። እኔ ከመጋረጃው ኋላ አብሬ እቆጥር ነበር።

ጣሊያን ወጣ። ኪዳነም አብሮ ወጣ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት መምህር ኮት ሊያሰፋ ወደ እኛ መጣ፤ እንግሊዝኛም ጣሊያንኛም ያውቃል። ጥሩነህ ሲለካው እንደ ዋዛ አድርጎ ስለ ጥቁሩ ቡጢኛ ጠየቀው። መምህሩ ግዙፉን ጣሊያን በእርግጥ ጥሎታል አለ፤ ከጦርነቱ በፊት ነው፣ ዓለም ሁሉ ሰምቷል፣ ጣሊያኖቹ ናቸው እንዳይወራ ያፈኑት። ግድግዳው ላይ ያለውን ገጽም አየው። ይህ ገና ከግጥሚያው በፊት የወጣ ነው፣ “ሊጋጠሙ ነው” ብቻ ነው የሚለው ብሎ በዝግታ ተናገረ። ያን ቃል የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጥሩነህ “ጥሎታል” የሚለውን ሰምቶ መስማቱን አቁሟል፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወደ ሐጂ ሰይድ ሱቅ ሮጧል።

“የሺ ያነበበችው ልክ ነበር!” ሲል እስከ እኛ ተሰማ።

ከተማው ታሪኩን ከዚያ ወዲያ እንዲህ አወራው፤ ሚስቱ እውነቱን አነበበች፣ ባሏንም ለማትረፍ ካደች። ሰው ጨርቁን መለካት ተወ። ስሙ ተመለሰለት። እኔ ደግሞ ያልነበረኝ ስም ወጣልኝ። ኪዳነ ገጹን አይቶ አፉን ለምን እንደዘጋም ያኔ ነው የገመትኩት፤ ገጹ ስለ መውደቅ እንደማይናገር አይቷል፣ ስለ መውደቁ ደግሞ ከጣሊያኖቹ አፍ ሰምቷል፤ አንዱን ተናግሮ ሌላውን መደበቅ አልሆነለትም። ያን ቀን ከሁላችን ያልዋሸው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በኋላ ለሴቶች ፊደል አስተማርኩ፣ ብዙ ዓመት። የማላውቀው ቃል ሲመጣ በተማሪዎቼ ፊት “ይህን አላውቀውም” እላለሁ። መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ ኋላ ለመዱት። ሰው ትሕትና ይለዋል። ዕዳ ነው፤ ግን ለተበደለው ሰው ያልተከፈለ።

ጥሩነህ እስከ መጨረሻው ክርክሩን አልተወም። አዲስ ሻምፒዮን በራዲዮ በተነገረ ቁጥር “ከዝምተኛው ይበልጣል?” ይለኛል። ከሌሎቹ የበለጠ ያሸነፈ ይኖራል፣ የፈጠነ ይኖራል፤ ዝምተኛው ግን ጣሊያን ወጥቶ ጥጉን መልሶ ከያዘ ወዲህ ለማንም አልለቀቀም። በታመመበት ወር አልጋው ላይ ሆኖ በጣቶቹ ይደረድራቸው ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ “አንቺስ የሺዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ማንን ታስቀድሚያለሽ?” አለኝ።

እውነቱን ንገሪኝ ብሎኛል። አፌ ድረስ መጣ። ፊቱን አየሁት፤ ልክ እንደዚያ ቀን ምን መስማት እንደሚፈልግ ያስታውቃል።

“ዝምተኛውን” አልኩት።

ፈገግ አለና ዓይኑን ጨፈነ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ልጆቼ፣ ሳታውቁ “አውቃለሁ” ማለት ትንሽ ነገር ይመስላችኋል። ለእኔም ይመስለኝ ነበር። ሊከብድ የጀመረው ሰው አምኖኝ ሲሸከመው ነው። እንድትፈርዱብኝ አይደለም የጻፍኩት፤ ለቅሶ ላይ የሚወራው ወሬ ከእኔ በኋላ እንዳይቀር ነው። ባሌን አላተረፍኩትም። ያ ድንጋይ የእኔ ነበር።

አሁን ጽፌ ስጨርስ ሌላ ነገር ታየኝ። ጥሩነህ ፊደል አያውቅም ነበር። ለእሱ የሚደርሰው በአፍ የተነገረ ብቻ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጆሮው ከአፌ አንድ ክንድ ርቆ አልተኛም። እኔ ግን እሱ ጆሮ እስኪያጣ ጠብቄ፣ እሱ በማያውቀው ፊደል ነገርኳችሁ።